የጦር ጄት ወዳጅና የሙከራ አውሮፕላን ወዳጅ ምን ያገናኛቸዋል?

2024 ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቻይና ቼንግዱ ላይ ማንም ያላወጀው አውሮፕላን በቀን ብርሃን ሲበር ታየ። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የቆመ ጅራት የለውም። ግዙፍ ነው። አንድ ጄ-20 ተዋጊ ጄት አጠገቡ እየበረረ ይከታተለዋል። በዚያው ሰሞን ከሼንያንግ ሌላ አውሮፕላን ብቅ አለ፤ እሱም ጅራት የለውም፣ ግን አነስ ይላል። መንግሥት ትንፍሽ አላለም። ምስሎቹ ግን ከመንገድ ዳር ተነስተው ዓለምን አዳረሱ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰዉ ምስሉን ይበልተው ጀመር። አንዱ የአየር ማስገቢያዎቹን ቆጥሮ "ሞተሩ ሦስት ነው" አለ። ሌላው የማረፊያ እግሩን አይቶ፣ በአንዱ እግር ሁለት ሁለት ጎማ ስላለ ክብደቱ የዋዛ አይደለም አለ። ሌላው ደግሞ አጠገቡ የሚበረው የጄ-20 ርዝመት በግምትም ቢሆን ስለሚታወቅ በእሱ ለካው። አፍንጫው ላይ ከታየው ቁጥር ተነስተውም ስም አወጡለት፤ ጄ-36። ፋብሪካው ሳይናገር ስሙ ጸና።

ይህን የሚያደርጉት ደመወዝ የሚከፈላቸው ተንታኞች ብቻ አይደሉም። አብዛኞቹ ሌላ ሥራ ያላቸው፣ ማታ ማታ ፎቶ እያጎሉ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ጠጋ ብለህ ስታያቸው ደግሞ ሁለት ጎራ አላቸው።

አንደኛው የጦር አውሮፕላን ወዳጅ ነው። የትኛው ስኳድሮን የት እንደሰፈረ፣ የጅራት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ክንፉ ሥር ምን እንደተንጠለጠለ በቃሉ ይዞታል። ሁለተኛው የሙከራ አውሮፕላን ወዳጅ ነው። እሱን በሺህ የተመረተ ጄት ብዙም አይማርከውም። አንድ ወይ ሁለት ብቻ ተሠርቶ፣ ጥቂት በርሮ፣ ሙዚየም የገባው ነው ልቡን የሚሰርቀው። እዚሁ ጎራ ውስጥ ጋራዡ ውስጥ የራሱን አውሮፕላን በእጁ የሚሠራም አለ። ሁለቱ አንዳንዴ ይናናቃሉ። አንደኛው ሌላውን "የማይተኩስ መጫወቻ ወዳጅ" ይለዋል፣ ያኛው ደግሞ "የሚሳኤል ቆጣሪ" ብሎ ይመልሳል።

እኔ ግን ሁለቱም የሚወዱት አንድ ነገር ነው ባይ ነኝ፤ ገና ያላለቀ፣ መልሱ ያልታወቀ ማሽን። ይህ ፍቅር ደግሞ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። መንግሥታት ምስጢር የሚይዙበትን መንገድ እስከ መቀየር ደርሷል። ሁለቱንም ላስረዳ።

ኤክስ-59ን እንውሰድ። የናሳ ነው፤ መሣሪያ አይታጠቅም። ዓላማው ከድምፅ በላይ ሲፈጥን መሬት ላይ ያለውን ሰው አለማስደንገጥ ነው። አውሮፕላን ከድምፅ ሲፈጥን ከአፍንጫው፣ ከክንፉና ከጅራቱ የግፊት ሞገዶች ይነሳሉ። እነዚህ ሞገዶች ወደ ታች ሲወርዱ እየተደራረቡ ይሄዱና መሬት ላይ እንደ ፍንዳታ ይሰማሉ። አሜሪካ በ1973 ሲቪል አውሮፕላኖች በአገሪቱ ምድር ላይ ከድምፅ በላይ እንዳይበሩ የከለከለችው በዚህ ጣጣ ነው። የኤክስ-59 መፍትሔ ሞገዶቹ እንዳይገናኙ አድርጎ መበተን ነው። ስለዚህ አፍንጫው ተረዘመ፣ ተረዘመና 30 ሜትር ከሚሆነው ቁመቱ አንድ ሦስተኛውን ያህል ወሰደ። አፍንጫው እንዲህ ሲረዝም ፓይለቱ ወደ ፊት የሚያይበት አጣ። የፊት መስኮቱን ጭራሽ አስቀሩትና ካሜራ ያየውን በስክሪን እንዲያይ አደረጉት። ጥቅምት 28 ቀን 2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ።

አሁን ጎንበስ ብለን ጎማውን እንየው። የማረፊያ እግሩ የኤፍ-16 ተዋጊ ጄት ነው። የኮክፒቱ ሽፋንና የፓይለቱ መቀመጫ ከቲ-38 የጦር ማሠልጠኛ ጄት የመጡ ናቸው። ሞተሩ የኤፍ/ኤ-18 ሱፐር ሆርኔት ሞተር የቅርብ ዘመድ ነው። የሠራው ደግሞ ስከንክ ወርክስ የሚባለው የሎክሂድ ማርቲን ክፍል ነው፤ የስለላ አውሮፕላኖቹን ዩ-2ንና ኤስአር-71ን፣ ከራዳር የሚሰወረውን ኤፍ-117ን ያወጣው ቤት። እንግዲህ የጦሩ ወዳጅ "ይሄ የእኔ አይደለም" ቢል ማን ይሰማዋል?

ይህ ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ የተደረገ አይደለም። ሙከራ ሲሠራ አዲስ የሚሆነው ነገር አንድ ቢሆን ይመረጣል። ክንፉን ልትሞክር ከሆነ ጎማው፣ መቀመጫው፣ ሞተሩ የታወቀና የተፈተነ ይሁን። አለዚያ የሆነ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቅም። በ1984 የበረረው ኤክስ-29 ክንፎቹ ወደ ፊት የተጣሉ ነበሩ፤ ለማየትም ግር ይላል። የፊት አካሉ ግን የኤፍ-5፣ ማረፊያ እግሩ የኤፍ-16 ነበር። ከራዳር ለመሰወር የተሠራው የመጀመሪያው ሙከራ ሃቭ ብሉም በ1977 ሲነሳ የኤፍ-5 ማረፊያ እግርና የኤፍ-16 የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ተበድሮ ነው። ጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን የሚሠራው ሰውዬም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። አዲስ ክንፍ ይቀርፃል፣ ሞተሩን ግን ለዓመታት ከተፈተኑት ይመርጣል።

ውለታው ወደ ሌላ አቅጣጫም ይሄዳል። ቤል ኤክስ-1 የሚባለው የሙከራ አውሮፕላን ጥቅምት 14 ቀን 1947 ፓይለቱን ቻክ ዬገርን ይዞ የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ ለስኬቱ ትልቅ ድርሻ የነበረው ጅራቱ ነው። ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ሲጠጋ ጅራቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ትፈዛለች፣ አልታዘዝም ትላለች። አግድም ጅራቱ በሙሉ እንዲንቀሳቀስ ሲደረግ ግን አውሮፕላኑ ታዘዘ። ያ ብልሃት ብዙ ሳይቆይ ወደ ኤፍ-86 ተዋጊ ጄት ተሻገረ፤ ዛሬ ደግሞ አግድም ጅራት ያለው ተዋጊ ጄት ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቀምበታል። የጦሩ ወዳጅ የሚያደንቀው ጄት ውስጥ የሙከራው ልጅ አለ።

ሰው ጥቀስ ካላችሁኝ የሩታን ወንድማማቾችን እጠቅሳለሁ። ታናሹ በርት በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ ሲቪል የበረራ ሙከራ መሐንዲስ ነበር፤ ኤፍ-4 ፋንተም መቆጣጠር አቅቶት ሲሽከረከር እንዴት ይድናል የሚለውን ያጠና ነበር። ከዚያ ለቀቀና ሰው ቤቱ የሚሠራቸውን አውሮፕላኖች መንደፍ ጀመረ። ቫሪኢዚና ሎንግኢዚ የሚባሉት ትንሿ ክንፍ ከፊት የምትመጣባቸው አውሮፕላኖች የእሱ ናቸው። ፎሙን በጋለ ሽቦ ቆርጠህ፣ ፋይበርግላስ አልብሰህ፣ ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ ቀብተህ ታደርቀዋለህ፤ የፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ አያስፈልግህም። ታላቁ ዲክ ደግሞ ቬትናም ላይ ኤፍ-100 ያበረረ ተዋጊ ፓይለት ነው። አንዱ የሙከራ፣ አንዱ የጦር፤ ከአንድ ማዕድ የበሉ።

እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው የሠሩት ቮያጀር ታኅሣሥ 14 ቀን 1986 ዲክንና ፓይለቷን ጂና ዬገርን ይዞ ከኤድዋርድስ ተነሳ። ነዳጁ ብቻ ከ3 ቶን በላይ ነበር። ክንፉ ከክብደቱ ብዛት ጎብጦ ጫፎቹ ማኮብኮቢያውን እየፋቁ ነው የተነሳው፤ ጫፎቹ ተሰባብረው ወደቁ፣ እነሱ ግን ጉዟቸውን ቀጠሉ። ዘጠኝ ቀን በርረው፣ የትም ሳያርፉ፣ ነዳጅ ሳይጨምሩ፣ ዓለምን ዞረው ታኅሣሥ 23 እዚያው አረፉ። ታንኩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ 50 ኪሎ አይሞላም ነበር። ከሁለቱ ጎራዎች ለዚህ በረራ ባርኔጣውን የማያነሳ አላጋጠመኝም።

ሕጉም ቢሆን አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጣቸው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ የሠራው አውሮፕላንና ሌላው ከጦር ኃይል የተሰናበተ ገዝቶ የሚያበረው ጄት የሚበሩት በዚያው የሙከራ ምድብ ፈቃድ ነው። የቤቱ ሠራተኛ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለትምህርት ወይ ለመዝናኛ ብሎ በራሱ መሥራቱን ማሳየት አለበት። የጄቱ ባለቤት ደግሞ ለትዕይንት በሚል ዘርፍ ይመዘገባል። በ1953 ሚልዋኪ ውስጥ የተመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር፣ ኢኤኤ፣ በየዓመቱ ኦሽኮሽ ላይ በሚያዘጋጀው ትልቅ ትዕይንት ሁለቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን ታገኛቸዋለህ።

እንግዲህ ወደ ምስጢሩ እንምጣ፤ ጨዋታው የሚጦፈው እዚህ ነው።

በ1986 አንድ የፕላስቲክ ሞዴል አምራች ድርጅት "ኤፍ-19" ብሎ ከራዳር የሚሰወር ጄት ሞዴል ገበያ ላይ አወጣ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጄት እንዳለ ሁሉም ይጠረጥራል፣ መንግሥት ግን ዝም ብሏል። ሞዴሉ እንደ ጉድ ተሸጠ። የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ሳይቀሩ "እኛ እንዳናይ የተከለከልነውን ሕፃናት ጠረጴዛቸው ላይ ይገጣጥሙታል" ብለው ተቆጡ። ኅዳር 10 ቀን 1988 ፔንታጎን እውነተኛውን አንድ የደበዘዘ ፎቶ አሳየ። ስሙ ኤፍ-117 ሆኖ ተገኘ። ቅርጹም ከሞዴሉ ጋር አይገናኝም! ሞዴሉ ለስለስ ያለ፣ ክብ ክብ ያለ ነበር። እውነተኛው ግን ጠፍጣፋ ሳህኖች ተገጣጥመው የተሠራ ይመስላል፤ ማዕዘን በማዕዘን ነው።

ለምን ማዕዘን? የራዳር ሞገድ ከአንድ ነገር ጠርዝ እንዴት ተበትኖ እንደሚመለስ የሚያሰላበትን መንገድ ፒዮትር ኡፊምትሴቭ የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት በ1962 በጽሑፍ አውጥቶት ነበር። ሎክሂዶች አገኙትና ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። ያኔ የነበረው ኮምፒውተር ጠፍጣፋ ገጽን እንጂ ጥምዝን ለማስላት አቅሙ አይፈቅድም። ስለዚህ ጄቱ ኮምፒውተሩ ሊያሰላው የቻለውን ቅርጽ ያዘ። ቢ-2 የሚባለው ቦምብ ጣይ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጎልብቶ ነበርና ጥምዙ ተመለሰ። ወዳጆቹ በኤፍ-19 በጅምላ ተሳስተዋል። ግን ስህተቱ የሞኝ አልነበረም፤ አየር በቀላሉ የሚያልፍበት ቅርጽ ልስልስ ነው፣ እነሱም የጠበቁት ያንኑ ነው። ከአየሩ ይልቅ ራዳሩ ያዘዘው ጄት ይመጣል ብሎ የገመተ እምብዛም አልነበረም።

ቢ-2 ራሱ ሲመረቅ ደግሞ የማይረሳ ነገር ሆነ። ኅዳር 22 ቀን 1988 ፓልምዴል ላይ እንግዶች ተጠርተው ከፊት ለፊት ራቅ ብለው እንዲቆሙ ተደረገ። ከኋላ ማየት አይቻልም፤ የሞተሩ ጭስ ማውጫና የክንፉ የኋላ ጠርዝ ያሉት እዚያ ነው፣ ምስጢሩም እዚያ ነው። ጠባቂ አለ፣ ገመድ አለ። ሰማዩን ግን የዘጋው የለም! የአንድ የአቪዬሽን መጽሔት ጋዜጠኛ ይህን አስተውሎ ትንሽ ሴስና ተከራየ፣ ፎቶ አንሺ ጭኖ በላዩ ዞረ፣ ጀርባውን በሙሉ አነሳው። ሕግ አልጣሰም። ሰማዩ ክፍት ነበር።

ትምህርቱ ተወስዷል። ታኅሣሥ 2 ቀን 2022 አዲሱ ቦምብ ጣይ ቢ-21 ሲገለጥ ምሽት ተመረጠ፣ አውሮፕላኑም ከሃንጋሩ ብዙ አልወጣም፣ የታየው ከፊት ብቻ ነው። ሆኖም ኅዳር 10 ቀን 2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር ከጣቢያው አጥር ውጭ ካሜራ ደግነው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ቀን ዓለም ያየው ሆዱን ነው፣ ያሳየውም ሕዝቡ ነው። አየር ኃይል ከዓመታት በፊት ይህን ሁሉ ሰው ሊያባርር ይሞክር ነበር፤ በ1995 ግሩም ሌክ የሚባለውን ምስጢራዊ ጣቢያ ቁልቁል ማየት የሚቻልባቸውን ኮረብታዎች እስከ መዝጋት ደርሷል። አሁን ግን ስሌቱ ተለውጧል። የሚታየውን ይታይ፣ የማይታየውን ሌላ ቦታ እናስቀምጠው የሚሉ ይመስለኛል።

"ዛሬ ምንም የሚደበቅ ነገር የለም" የሚሉ ሰዎችን ታዲያ አትመኑ። መጋቢት 21 ቀን 2025 ኤፍ-47 የሚባለው አዲስ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ሲታወጅ የሙከራ ቅጂው አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በምስጢር ሲበር እንደነበር ተነገረ። አንድ ባለሥልጣን በ2020 መብረሩን ጠቆም አድርገውም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ! ያን ሁሉ ሌንስ፣ ያን ሁሉ ሳተላይት፣ ያን ሁሉ ተራራ ላይ የሚያድር ሰው አምልጦ። ሰፊ በረሃ፣ ጨለማና ትዕግሥት ያለው አሁንም መደበቅ ይችላል።

ካሜራው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሬዲዮ ነው። አብዛኛው አውሮፕላን ኤዲኤስ-ቢ በሚባል ዘዴ የት እንዳለ፣ ከፍታው ስንት እንደሆነ፣ መለያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ በ1090 ሜጋኸርትዝ ሳያቋርጥ ይናገራል። የሚናገረው በግልጽ ነው፣ አልተቆለፈም። ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ አውራ ጣት የምታክል መቀበያና አንድ አንቴና ካለህ ትሰማዋለህ። አውሮፕላኑ ቦታውን ባይናገርም ትራንስፖንደሩ፣ ማለትም ምልክት የሚልከው መሣሪያ፣ እስካልጠፋ ድረስ፣ የተለያየ ቦታ ያሉ አራት መቀበያዎች ምልክቱን የሰሙበትን የሰከንድ ሽራፊ አነጻጽረው የት እንዳለ ያወጣሉ። ይህን የሚያደርጉት በየቤታቸው ጣሪያ ላይ አንቴና የተከሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መረቡ የቆመው በእነሱ ነው።

ይህ መረብ ከጨዋታ አልፎ የሠራው ሥራ አለ። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ሲአይኤ ሰዎችን በድብቅ ከአገር አገር ሲያጓጉዝባቸው የነበሩት ጄቶች የተደረሰባቸው በከፊል አውሮፕላን በሚመዘግቡ ወዳጆች ማስታወሻ ነው። አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ቆሞ የጅራት ቁጥር ይጽፋል። ሌላው ሌላ አገር ያንኑ ቁጥር ይጽፋል። ጋዜጠኞችና የአውሮፓ መርማሪዎች ሁለቱን ሲያገናኙት ጉዞው ተገለጠ። ቁጥሩን የጻፉት ሰዎች ሲጽፉ ይህን አላሰቡም ይሆናል፤ ልማድ ሆኖባቸው እንጂ።

መንግሥታት ደግሞ ሞኝ አይደሉም። የጦር አውሮፕላን ትራንስፖንደሩን ማጥፋት ይችላል። ሆኖም በ2022 ዩክሬን ከመወረሯ በፊትና በኋላ ግሎባል ሆክ የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድሮን ጥቁር ባሕር ላይ ሲመላለስ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያየው ነበር። ማጥፋት ሲችል ካላጠፋ፣ እንዲታይ ፈልጎ ነው ማለት ነው። "እዚህ ነኝ፣ እያየሁህ ነው" የሚል መልእክት። የቼንግዱንም ጉዳይ በዚሁ ዓይን የሚያዩት አሉ፤ ጄ-20 በጥር 2011 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ቤጂንግ እያሉ ነው፣ ከዚያ በፊትም ፎቶዎቹ ለቀናት ሲዘዋወሩ ዝም ተብሏል። እኔም ወደዚሁ አደላለሁ። ከአጥር ውጭ የቆመው ሰው ነፃ ቃል አቀባይ ሆኗል፤ እሱ ግን አሁንም በራሱ ዓይን ያገኘው ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ የት ላይ ይቆማል? ስለላና ፍቅር የሚለዩት የት ነው?

በኅዳር 2001 ግሪክ ካላማታ ላይ አሥራ ሁለት እንግሊዛውያንና ሁለት ሆላንዳውያን የአየር ትዕይንት ሊያዩ ሄደው በስለላ ተከሰው ታሰሩ። ያደረጉት የጅራት ቁጥር መጻፍ ነበር። በሚያዝያ 2002 ተፈረደባቸው፣ በኅዳር በይግባኝ ነፃ ወጡ። ዳኞቹ ግራ ቢጋቡ አይፈረድም። ሰው ደመወዝ ሳይከፈለው፣ ሚስጥር ሳይሸጥ፣ ቁጥር ለመጻፍ ብቻ ባሕር አቋርጦ ይመጣል ብሎ ማመን ለማያውቀው ከባድ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ዋር ተንደር የሚባለው የጦር መሣሪያ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ "የዚህ ታንክ፣ የዚህ ጄት አቅም በጨዋታው ላይ በትክክል አልተቀመጠም" ብለው ሲከራከሩ፣ ለመርታት ሲሉ በሕግ የተገደቡ ሰነዶችን አደባባይ አውጥተዋል። በ2021 የእንግሊዙ ቻሌንጀር 2 ታንክ፣ በ2023 የኤፍ-16 ሰነድ እንዲህ ወጥቷል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ያወጣው እልህ ነው።

ለእኔ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከሕዝብ መንገድ ላይ በዓይን የሚታየውን ማንሳትና መጻፍ አንድ ነገር ነው። አደራ ተብሎ የተሰጠህን ሰነድ ማውጣት ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የወዳጅነት ስም አይሸፍነውም። ጦርነት ሲሆን ደግሞ የሚታየውም ቢሆን በሰዓቱ ይለካል። አንድ ጄት አሁን ተነሳ ብለህ የምትጽፈው ነገር ሰው ሊያስገድል ይችላል። ያንኑ ፎቶ ከወር በኋላ ብታወጣው ታሪክ ነው። ዩክሬን በ2022 የወታደር እንቅስቃሴን ማሳወቅ የሚያስቀጣ ሕግ ስታወጣ ብዙ ወዳጆች ያለማጉረምረም የተቀበሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ አደጋም ዝም ማለት አይቻልም። ነሐሴ 22 ቀን 2015 እንግሊዝ ሾርሃም ላይ አንድ የቀድሞ የጦር ጄት፣ ሆከር ሃንተር፣ ትዕይንት እያሳየ ጎዳና ላይ ወድቆ 11 ሰው ሞተ። የሞቱት ትዕይንቱን ሊያዩ የገቡ አልነበሩም፤ መንገድ ላይ የነበሩ ናቸው። ኅዳር 12 ቀን 2022 ዳላስ ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ቢ-17 እና ፒ-63 ሰማይ ላይ ተጋጭተው ስድስት ሰው አለቀ። በ2019 ደግሞ ዴዝ ቫሊ ውስጥ ወዳጆች ከገደል አፋፍ ላይ ቆመው ጄቶች ከእግራቸው በታች ሲያልፉ በሚያዩበት ሸለቆ አንድ ኤፍ/ኤ-18 ተከስክሶ ፓይለቱ ሞተ፣ ሰባት ተመልካቾችም ተጎዱ። "አሮጌው ይብረር ወይስ ሙዚየም ይቀመጥ" የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም። የቆመ አውሮፕላን ሞቷል የሚሉትን ስሜታቸውን እረዳለሁ። ግን ጎዳና ላይ የሚያልፈው ሰው የዚህ ፍቅር ባለዕዳ መሆን የለበትም። እንግሊዝ ከሾርሃም በኋላ የቀድሞ የጦር ጄቶች ከባሕር ሳይሆን ከየብስ በላይ በሚደረግ ትዕይንት መገለባበጣቸውን ትተው አልፈው ብቻ እንዲሄዱ መገደቧ ተገቢ ነበር።

አሁን አዲስ ነገር መጥቷል፤ ሁለቱንም ጎራ እኩል የሚያስቸግር። ኤክስ-62 የሚባል አውሮፕላን አለ። በአካሉ ሁለት መቀመጫ ያለው ኤፍ-16 ነው፣ በሥራው ግን የሙከራ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ያበረዋል፤ በ2023 ሰው ከሚያበረው ኤፍ-16 ጋር የአየር ላይ ፍልሚያ ልምምድ አድርጓል፣ ለጥንቃቄም ፓይለቶች ተቀምጠውበት ነበር። በግንቦት 2024 የአሜሪካ አየር ኃይል ሚኒስትር ራሳቸው ተሳፍረውበታል። በ2025 ደግሞ ዋይኤፍኪው-42ኤ እና ዋይኤፍኪው-44ኤ የተባሉ፣ ከተዋጊ ጄት ጎን እንዲሰለፉ የታሰቡ ሰው አልባዎች በረራ ጀመሩ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የአየር ማስገቢያ መቁጠር ይቻላል። የጎማ ብዛት፣ የክንፍ ጥምዝ፣ የጭስ ማውጫ ቅርጽ በሌንስ ይያዛል። በኤክስ-62 ሙከራ ግን በ21 በረራዎች ውስጥ ለበረራው ወሳኝ ከሆነው ፕሮግራም ከ100,000 በላይ መስመሮች ተቀይረዋል። ከውጭ ለሚያየው አንዱም አይታይም፤ ቀለሙ ያው፣ ክንፉ ያው፣ ድምፁ ያው። አንዳንድ ወዳጆች ይህን ቀደም ብለው ገብቷቸዋል። ከሌንሱ ጋር አሁን የበጀት ሰነድ፣ የጨረታ ማስታወቂያና የአየር ክልል ዝግ ማስታወቂያ ያነባሉ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ለምን ዓይነት ፕሮግራም ገንዘብ ጠየቀ፣ የትኛው ሰማይ በየትኛው ሳምንት ተዘጋ እያሉ። አሰልቺ ንባብ ነው፣ ፎቶም የለውም። ቀጣዩ ትልቅ ግኝት የሚወጣው ከዚያ ቢሆን ግን እኔ አይገርመኝም።